ጅማ ላይ «ታድሷል» ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን

ሰሞኑን በደላላም በቴሌግራምም የሚዞር አንድ ሽያጭ አለ። የድሮ የአውሮፓ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ እንደ አዲስ» እየተባለ። ዛኑሲ አለ፣ ኢንዴሲት አለ፣ አልፎ አልፎም ሚሌ። ፎቶው ያማልላል። ዋጋው ደግሞ ከአዲሱ ግማሽ አይሞላም። ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡ።

አሮጌ ማሽን አልጠላም፣ እንዲያውም እወዳለሁ። የብዙዎቹ የድሮ ማሽኖች ታንክ፣ ማለትም ከበሮው ውስጡ የሚዞርበት ውሃ መያዣ፣ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ይፈታል፣ ይጠገናል። ከዛሬዎቹ ብዙዎቹ የፕላስቲክ ታንካቸው ተበይዶ ስለሚመጣ በመጋዝ ካልሆነ አይከፈትም። በወጉ የተሠራ አሮጌ ማሽን ገና ዓመታት ያገለግላል። ችግሩ እየተሸጠልን ያለው የተሠራ ሳይሆን የተቀባ መሆኑ ነው።

ጎረቤታችን አንዱን ገዙ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና ነበር። ከዚያ ልብሱን ሲጨምቅ ቤቱ ወፍጮ ቤት መሰለ። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ። እኛም ካቻቪቴ ይዘን ጀርባውን ከፈትነው።

ከበሮው ከኋላ በኩል በሁለት ኩሽኔታ ላይ ነው የሚዞረው። ውሃ ኩሽኔታው ጋ እንዳይደርስ የሚከለክል ክብ ጎማ ከፊት አለ። ኩሽኔታው በቁጥር ነው የሚሸጠው። 6204፣ 6205 ወይም 6206 የሚል ቁጥር ይዛችሁ ከሄዳችሁ የመኪና መለዋወጫ ሱቅም ልታገኙት ትችላላችሁ። ጎማው ግን የሞዴሉን ትክክለኛ ልክ ይፈልጋል፤ እዚህ ማግኘት ጣጣ ነው። ስለዚህ ሰነፍ ጠጋኝ አዲስ ኩሽኔታ ያስገባና አሮጌውን ጎማ ይመልሰዋል። ሳሙና ያለው ውሃ ሰርጎ ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ጩኸቱ ይመለሳል። የጎረቤታችን ማሽን ውስጥ ያገኘነው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ኩሽኔታው ራሱ አልተቀየረም። ድምፁ ለጊዜው እንዲጠፋ ግራሶ ብቻ ተጠቅጥቆበታል። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ማታለል ነው።

ከከበሮው ጀርባ ደግሞ ሦስት ክንድ ያለው የአሉሚኒየም ማያዣ አለ። ከበሮው አይበላሽ ብረት፣ ክንዱ አሉሚኒየም። ሁለቱ ሳሙና ባለው ውሃ ውስጥ ሲኖሩ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል። አንድ ቀን በጭመቃ መሃል ከተሰበረ ከበሮውም ታንኩም አብረው ይሄዳሉ። ይህን ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል፣ ግን መጠየቅ ነው።

ቀለሙን አትመኑ። የጅማን ዝናብና እርጥበት ታውቁታላችሁ፤ አሮጌ ላሜራ ከታች መዛጉ አይቀርም። ዝገቱ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ይነፋበታል። ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ታችኛው ጠርዝ ላይ ካልያዘ የነካችሁት ስቱኮ ነው።

ሻጩ ማሽኑን ከመሰካቱ በፊት በሩን ክፈቱና የከበሮውን ከንፈር ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከበሮው ከታንኩ ተለይቶ የሚንገጫገጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ቀጥሎ በእጃችሁ አዙሩትና ጆሯችሁን አስጠጉ። መንጎርጎር ካለ ተዉት። የኋላ ክዳኑ ይከፈት በሉ። ከመሃሉ ወደ ታች የወረደ የዝገት መስመር ካያችሁ ጎማው ያፈሳል ማለት ነው። «ክዳኑን መክፈት ዋስትናውን ያበላሻል» ያለ ሻጭም ሰምቻለሁ። የምን ዋስትና?

የአሜሪካ ማሽን ከሆነማ ሁለት ጊዜ አስቡ። እነዚህ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ ለሚመላለስበት ብዛት) የተሠሩ ናቸው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። «ትራንስፎርመር አብረን እንሰጣለን» ይሏችኋል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። የድሮው ዓይነት ሞተር ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንስና ይግላል። በሞተር የሚዞረው ሰዓት ቆጣሪም እንዲሁ ይዘገያል፤ 30 ደቂቃ የተባለው እጥበት 36 ይሆናል። በዚያ ላይ ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ያቺ ትንሿ ትራንስፎርመር አትችለውም። «ሞተሩን ወደ 220 አስጠቅልለነዋል» ካሉ ደግሞ ስለ ውሃ ማስገቢያው፣ ስለ ፓምፑና ስለ ሰዓት ቆጣሪው ጠይቁ። እነሱ በ120 ከቀሩ ወዲያው ነው የሚቃጠሉት።

ከገንዘቡ በላይ ያናደደኝ ግን ይሄ ነው። የጎረቤታችን ማሽን ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ውሃ፣ ብረትና አሮጌ ማሞቂያ ባለበት ዕቃ ላይ! አካሉን በእርጥብ እጅ ሲነኩት ይነዝር ነበር፤ ጎረቤታችን ግን የቤታቸው ሶኬት ችግር መስሏቸው ዝም ብለዋል። ስፒናውን ፈትታችሁ ሦስቱም ሽቦ መኖሩን እዩ። ሻጩ ካልፈቀደ ውይይቱ እዚያው ይብቃ።

ክፍያ በስልክ ላኩ ካሏችሁ በውሃ ታጥቦና ጨምቆ ሳታዩ አትላኩ። በባዶው መዞሩ ምንም አያሳይም፤ ልብስና ውሃ ሲገባበት ነው ጉዱ የሚወጣው። ደረሰኝም ጠይቁ። ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ መስጠት የነጋዴ ግዴታ ነው። ጎረቤታችን ደረሰኝ ስላልነበራቸው ንግድ ቢሮ ሄደው ሻጩን ለመክሰስ እንኳ እጃቸው ባዶ ነበር። በሽማግሌ ተብሎ፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሻጩ ከገንዘቡ ግማሹን መልሶ ማሽኑን ወሰደ።

አሁን ያው ማሽን እንደገና ለሽያጭ ወጥቷል። ነጭ የነበረው ግራጫ ተቀብቷል። ከጀርባው በግራ በኩል ታች ጥጉ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው የላሜራ ብየዳ አለ። ካያችሁት እሱ ነው።