ዕቃ የታጨቀበትን ቤት መሸጥ፦ ለካሽ ገዢ፣ ባለበት ገበያ ላይ፣ ወይስ አጽድቶ?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ፣ ሣሩ ያደገ፣ መጋረጃው ቀን ከሌት የማይገለጥ ቤት ካለ፣ የፖስታ ሳጥኑ ውስጥ በእጅ የተጻፈ የሚመስል ካርድ አይጠፋም። «ቤትዎን ባለበት ሁኔታ በካሽ እንገዛለን። ማጽዳት አያስፈልግም፤ ኮሚሽን የለም» ይላል። ከሳሎን ወደ ኩሽና በጎን ተሹለክልኮ ብቻ የሚታለፍበትን ቤት ለወረሰ ቤተሰብ፣ ካርዱ ከሰማይ የወረደ መና ነው የሚመስለው።

እንዲህ ያለ ቤት የሚሸጥበት መንገድ ሦስት ነው፦ ለካሽ ገዢ መስጠት፣ ከነዕቃው በኤጀንት (በቤት ሽያጭ ወኪል) ገበያ ላይ ማውጣት፣ ወይም አጽድቶ መሸጥ። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚያዋጣው ዕቃውን ጠርጎ ማውጣትና ጥገናውን ለገዢው መተው ነው። ሁለቱን ሥራዎች አንድ አድርጎ ማየት ነው ሰውን የሚያስፈራው።

ካሽ ገዢው እንዴት ያሰላል?

በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ባለሀብቶች የሚነሱት ቤቱ ታድሶ ካለቀ በኋላ ስንት ያወጣል ከሚለው ነው። የዚያን 70 በመቶ ይይዙና የጥገናውን ወጪ ይቀንሳሉ። ታድሶ 500,000 ዶላር የሚያወጣ፣ ጥገናው 80,000 የሚፈጅ ቤት ቢሆን፦ 350,000 ሲቀነስ 80,000፣ 270,000 ዶላር። ካርዱን የላከው ሰው ራሱ ገዢ ካልሆነ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ብዙዎቹ ደላሎች ናቸው። ከእናንተ ጋር ውል ይፈራረሙና ውሉን ለእውነተኛው ባለሀብት አትርፈው ያስተላልፉታል። ውሉ ላይ ገዢው ውሉን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል የሚል ቃል ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው።

ሌላው የሚታወቅ ዘዴ ዋጋ መስበር ነው። 270,000 ብሎ ያስፈርማል፤ ቤተሰቡ ልቡን ካሳረፈ በኋላ፣ ክሎዚንግ (የመጨረሻው ፊርማና ርክክብ) ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት «መሠረቱ ተሰንጥቆ አገኘነው» ብሎ 20,000 ይቀንሳል። መከላከያው ገንዘቡ በእጁ መኖሩን የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ መጠየቅ፣ ጠንከር ያለ ቀብድ ሽያጩን በሚያስፈጽመው ታይትል ካምፓኒ ዘንድ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ቀብዱም ከጥቂት ቀናት በኋላ የማይመለስ እንዲሆን መጻፍ ነው። በዚህ ቅር የሚለው ሰው ገንዘብ የለውም ማለት ነው።

ፍጥነቱም ቢሆን የሚባለውን ያህል ሁልጊዜ አይጠቅምም። የሞተ ሰው ቤት ከሆነ ፊርማው ሕጋዊ የሚሆነው ሥልጣን ባለው ሰው ሲፈረም ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሬጅስተር ኦፍ ዊልስ የሚባለው የውርስ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዘንድ ቀርቦ የሟቹን ንብረት አስተዳዳሪነት ወረቀት ማውጣት ያስፈልጋል፤ ካሽ ገዢም ሆነ ሌላ ገዢ ያንን ወረቀት ይጠብቃል። ወረቀቱ እስኪወጣ ባሉት ሳምንታት ቤቱን ባዶ ማድረግ ይቻላል።

ካሽ ገዢ የሚያዋጣበት ጊዜ ግን አለ። ባንኩ ቤቱን በሐራጅ የሚሸጥበት ቀን ቆርጦ ከሆነ፣ እሳት ወይም ውሃ ጣሪያውን አፍርሶት ከሆነ፣ ወራሾቹ አዲስ አበባና ዱባይ ሆነው እዚህ ቁልፍ የሚይዝ ሰው ከሌለ፣ ያን ጊዜ ሒሳቡ ይለወጣል። ያም ሆኖ ከአንዱ ብቻ ሳይሆን ከሦስት ገዢ ዋጋ ተቀበሉ።

ከነዕቃው ገበያ ላይ ቢወጣስ?

ኤጀንት ይዞ «ባለበት ሁኔታ» ተብሎ የሚወጣ ቤት ትልቅ ጥቅሙ ፉክክር ነው። ካርድ የላከው ሰውዬ ራሱ ይመጣል፤ አሁን ግን ሌሎች አጠገቡ ቆመዋል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እኛን የመሰለ የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ 3.5 በመቶ ቅድሚያ ከፍሎ፣ የፌዴራል መንግሥቱ ዋስ በሚሆንለት በኤፍኤችኤ ብድር ነው የሚገዛው። የባንኩ አፕሬዘር (የቤት ዋጋ ገማች) ክፍሎቹን ገብቶ ማየት አለበት፤ በር የሚዘጋ ክምር ካለ፣ ማሞቂያው የማይሠራ ከሆነ፣ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ላይ የተላጠ ቀለም ካለ ብድሩ እዚያው ይቆማል። በቬተራኖች (በቀድሞ ወታደሮች) ብድር የሚገዛውም እንደዚሁ። የጥገናውን ገንዘብ ጭምር የሚያበድር 203ኬ የሚባል የኤፍኤችኤ ብድር አለ፤ ቀለል ያለው ዓይነት ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 75,000 ዶላር ጥገና ይሸፍናል። ወረቀቱ ብዙ ስለሆነ ግን ሁሉም ገዢ አይደፍረውም። ስለዚህ ቤቱ ከነዕቃው ሲወጣ ገዢው ተጣርቶ ተጣርቶ ወደ ባለሀብቶቹ ይመለሳል።

«ባለበት» ማለት ጉድን መደበቅ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ሻጩ ስለ ቤቱ ሁኔታ ዝርዝር ፎርም ሊሞላ ወይም ምንም አላረጋግጥም ብሎ ሊፈርም ይችላል፤ ሁለተኛውን ቢመርጥም የሚያውቀውንና ገዢው በዓይኑ አይቶ የማይደርስበትን አደገኛ ጉድለት መናገር አለበት። ቨርጂኒያ ውስጥ መርምሮ የማወቁ ሸክም በአብዛኛው በገዢው ላይ ነው። በድሮ ቀለም ውስጥ የሚገኘውን መርዛማ ሊድ (እርሳስ) ማሳወቅ ግን የፌዴራል ሕግ ስለሆነ ከ1978 በፊት ለተሠራ ቤት በሁሉም ስቴት ይሠራል።

አጽድቶ መሸጥ፦ መጥረግ አንድ ነገር፣ ማደስ ሌላ

ዳምፕስተር (ትልቁ የቆሻሻ መጫኛ ሣጥን) ከ10 እስከ 40 ኪዩቢክ ያርድ ድረስ በተለያየ መጠን ይከራያል። ከደጃችሁ ይልቅ መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነ ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል። ጭነት አንሺ ኩባንያዎቹ ደግሞ የሚያስከፍሉት ዕቃው መኪናቸው ላይ በያዘው ቦታ ልክ ነው፤ ጉልበት ለሌለው ቤተሰብ ይሻላሉ፣ ብዙ ዕቃ ላለበት ቤት ግን ይወደዳሉ። ቀለም፣ ባትሪና ኬሚካል ዳምፕስተር ውስጥ አይጣልም። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሼዲ ግሮቭ ባለው ጣቢያው፣ የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ደግሞ በአይ-66 እና በሎርተን ጣቢያዎቹ ይቀበላሉ።

ከመጣሉ በፊት ግን ፍተሻው ነው ቁም ነገሩ። የእኛ ሰው ቤት ክምር የራሱ ጠባይ አለው። ግማሹ ለሀገር ቤት ሊላክ ተብሎ ለዓመታት የተጠራቀመ ነው፦ ዋጋው ያልተነቀለለት የልጆች ጫማ፣ በቴፕ የታሰረ ሻንጣ፣ ላዩ ላይ የተቀባዩ ስም የተጻፈበት ካርቶን። እዚያው መሀል የዜግነት ሰርተፊኬት፣ የድሮው ፓስፖርት፣ የአዲስ አበባው ቤት ካርታና ውክልና ይወጣል። ዳዊቱን ገጽ በገጽ ግለጡት፤ የካፖርት ኪስ፣ የቡና ቆርቆሮ፣ የጋቢ እጥፋት ሳይታይ አይለፍ። ወረቀት የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ይመደብ፤ ቀጥሮ ማሠራት የሚቻለው ከእሱ በኋላ ነው።

የአይጥ ኩስ ካለ በደረቁ አትጥረጉ። መስኮት ከፍታችሁ ቤቱን አናፍሱ፣ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ አርጥባችሁ በጓንት አንሱ። መብራቱ ተቆርጦ የከረመ ፍሪጅ ደግሞ ባይከፈት ይሻላል፤ በሩን በቴፕ አሽጎ እንዳለ ማስወጣት ነው።

ማደሱ ጋ ሲደርስ እኔ እጄን እሰበስባለሁ። የሸተተ ምንጣፍ መገንጠል፣ የሚያፈስ ቧንቧ ማስጠገን፣ መብራትና ውሃ ማስቀጠል፣ የተላጠውን ቀለም በደንቡ ማስተካከል ይበቃል። የኩሽና ካቢኔ ምርጫ ለወራሽ ሥራ አይደለም። የግድ ከሆነ ሜሪላንድ ውስጥ የኤምኤችአይሲ (የስቴቱ የቤት ጥገና ኮሚሽን) ፈቃድ የሌለውን ኮንትራክተር አታስገቡ፤ ቅድሚያ ክፍያ ከውሉ አንድ ሦስተኛ በላይ መቀበልም በሕግ ክልክል ነው።

ወጪውን በዚያው ቤት እናስላው፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው። በካርዱ የመጣው ደላላ 15,000 ለራሱ ቢያስቀር ከ270,000 ላይ 255,000 ይደርሳችኋል። ባዶ ተደርጎ ገበያ ላይ ወጥቶ 360,000 ቢሸጥ፣ 5 በመቶ ኮሚሽን 18,000 እና ለማስጠረጊያ 9,000 ሲወጣ 333,000 ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ታድሶ 500,000 ቢሸጥ ደግሞ 80,000 ጥገና፣ 25,000 ኮሚሽን፣ 9,000 ማስጠረጊያ፣ የአምስት ወር ሞርጌጅ፣ ታክስና ኢንሹራንስ 12,500 ተቀንሶ 373,500። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ግድግዳው ሲፈርስ ከጀርባው የድሮ ሽቦና ሻጋታ ተገኝቶ 30,000 ቢጨምር 343,500 ላይ ይወርዳል። ለ10,500 ዶላር ልዩነት አምስት ወር ከኮንትራክተር ጋር መነታረክ ይሆናል ማለት ነው። ኮሚሽኑም ቢሆን በድርድር የሚወሰን ነው፤ ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የገዢው ኤጀንት ክፍያ ለብቻው የሚነጋገሩበት ጉዳይ ሆኗል።

ቤቱ ባዶውን ሲቆም ኢንሹራንሱን ደውላችሁ አሳውቁ። ብዙ ውሎች ከ30 ወይም ከ60 ቀን በኋላ ሰው ለማይኖርበት ቤት ሽፋናቸውን ይቀንሳሉ። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ባዶ ተብሎ የተመዘገበ ቤት ከሌላው ከፍ ያለ ታክስ ይጣልበታል።

ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ዕቃ ማከማቸት ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል። እማማ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ልጆች ዳምፕስተር ቢያስመጡ ቤቱ ይጸዳል፤ እሳቸው ግን ሲመለሱ ልጆቻቸውን አያምኑም፣ ሽያጩን የሚፈርሙትም እሳቸው ናቸው። አንድ ክፍል መርጦ አብሮ መጀመር፣ ቢዘገይም የሚያስኬደው ይሄ ነው። ኖረውበት ከሆነ የግብሩ ሒሳብም ለእሳቸው ያደላል፦ ካለፉት አምስት ዓመታት ሁለቱን የኖሩበት ሰው ከትርፉ 250,000፣ ባልና ሚስት ከሆኑ 500,000 ዶላር ድረስ ከፌዴራል ግብር ነጻ ነው።

ለወራሽ ግን ትርፉ የሚቆጠረው አባት ቤቱን በገዙበት ዋጋ ሳይሆን ባረፉበት ቀን ቤቱ ያወጣ በነበረው ነው። ያ ዋጋ በአፕሬዘር ተጽፎ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ካርቶን ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ከነክምሩ ፎቶ አንሱና ፎቶውን ለአፕሬዘሩም ለግብር ሠሪውም ላኩ።