ዋን መስት ፎል 2097፦ ሮቦት ሲቀጠቀጥ ማየት ለሚወድ ሁሉ

ሮቦቶች የሚደባደቡበት ከጀርባ ደግሞ ሄቪ ጊታር የሚጮህበት ጌም ጠቁሙኝ ብላችሁ ብትጠይቁ የድሮ ጌም የሚወድ ሰው ቶሎ የሚጠራላችሁ ራይዝ ኦቭ ዘ ሮቦትስን ነው። በፈረንጆቹ 1994 ነው የወጣው፣ ኩዊን የሚባለው የሮክ ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ስሙ አለበት፣ ስክሪንሾቱን ስታዩት ብረቱ ያብረቀርቃል፣ ለዛ ዘመን ጉድ ነው። እሺ ክፈቱትና ተጫወቱት። ብቻችሁን ከሆናችሁ የምትይዙት ያንኑ አንድ ሰማያዊ ሮቦት ነው፣ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ባላጋራችሁን ዘላችሁ ወደ ጀርባው ማለፍ አይቻልም። ዘሎ መርገጥን ብቻ እየደጋገማችሁ ብዙዎቹን ትጥላላችሁ። ጊታሩ ደግሞ ከብራያን ሜይ የገባው ትንሽ ነገር ነው፣ የቀረውን ሙዚቃ ሌላ ሰው ነው የሠራው። እና ምን ቀረ? ፖስተሩ ቀረ።

እኔ የማወራላችሁ ግን እዛው 1994 ላይ ስለወጣው ስለ ሌላኛው ነው፣ ዋን መስት ፎል 2097። ዳይቨርዥንስ የሚባል ትንሽ ቡድን ሠራው፣ ኤፒክ ሜጋጌምስ አወጣው (አዎ፣ ዛሬ የፎርትናይት ባለቤት የሆነው ኤፒክ፣ ያኔ ሜጋጌምስ ይባል ነበር)። ለዶስ፣ ማለት ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ሲስተም ነው የተሠራው። ታላቅ ስም ያለው ጊታሪስት የለውም፣ ግን ድብድቡ ድብድብ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው፣ 2097 ላይ ነን፣ ዋር የሚባል ግዙፍ ካምፓኒ አለ፣ የጁፒተር ጨረቃ የሆነችው ጋኒሜድ ላይ ማን አለቃ ይሁን የሚለውን በሮቦት ቦክስ ነው የሚወስኑት። ለምን በምርጫ አልሆነም አትበሉ። አስር ፓይለት አለ፣ አንዱ ጉልበት አለው፣ አንዱ ቅልጥፍና፣ አንዱ ቻይነት፣ እናንተ ፓይለቱንም ሮቦቱንም ለየብቻ ነው የምትመርጡት፣ እና ያው ሮቦት በተለያየ ፓይለት እጅ ሌላ ሮቦት ይሆናል። ሮቦቶቹ የመጨረሻው ኖቫ ሲጨመር 11 ናቸው፣ ደግሞ ቀለማቸው ብቻ አይደለም የሚለያየው። ሽሬደር እጁን ነቅሎ ይወረውርባችኋል፣ ፍሌይል በሰንሰለት ነው የሚገርፈው፣ ጋርጎይል ክንፍ አለው፣ ሻዶው ጥላውን ልኮ ነው የሚመታችሁ። በተኑ ሁለት ብቻ ነው፣ ቦክስና እርግጫ፣ የቀረው ከአቅጣጫ ጋር የሚጣመር ነው፣ ስለዚህ መጀመር ቀላል ነው መቻል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ቶርናመንት የሚባል ሞድ አለው፣ እኔ ይሄን ጌም ከኮምፒውተሬ የማላጠፋው በሱ ምክንያት ነው። በትንሽ ገንዘብና በርካሽ ሮቦት ትጀምራላችሁ፣ ትደባደባላችሁ፣ ብር ታገኛላችሁ፣ ከዛ ብሩን የእጅ ጉልበት ላይ ላውለው ወይስ የእግር ፍጥነት ላይ፣ ጥሩር ልጨምር ወይስ ፓይለቱን ላሠልጥን እያላችሁ ጭንቅላታችሁን ትይዛላችሁ፣ ምክንያቱም ከያንዳንዱ ግጥሚያ በኋላ የጥገና ሒሳብ አለ፣ አሸንፋችሁም ቢሆን በጣም ተደብድባችሁ ካሸነፋችሁ ትርፉ ይመናመናል፣ የቀን ገቢው ግማሹ ጋራዥ ላይ እንደሚያልቅበት የባጃጅ ሹፌር ማለት ናችሁ። ይሄ ደግሞ አጨዋወታችሁን ይቀይረዋል። ሌላ የድብድብ ጌም ላይ በጭላንጭል ደም ማሸነፍ ያስደስታል፣ እዚህ ግን ያስከፍላል፣ ስለዚህ መከላከል ትማራላችሁ ሳትወዱ በግድ። ፕለግ የሚባል ሜካኒክም አላችሁ፣ ስትሸነፉ ይነጫነጭባችኋል፣ ከግጥሚያው በኋላ ዜና አንባቢ ትመጣና የተደበደባችሁትን ለሕዝብ ታወራለች። እንደዚህ ዓይነት ትንንሽ ነገር ነው ዓለሙን እውነት የሚያስመስለው።

ሙዚቃው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሄቪ ሜታል ነው ካልኳችሁ ዋሸሁ። ኬኒ ቾው የሚባል ሰው በኮምፒውተር የሠራው ነው፣ ወደ ቴክኖ ያደላል፣ ፈጣን ነው፣ ዋናው ሜኑ ላይ ያለውን ሰምታችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡም። ሜታል የምለው ሌላውን ድምፅ ነው፣ ብረት ብረትን ሲመታ ያለውን፣ ቦክስ ሲያርፍ ቋ! ይላል፣ ሮቦቱ ላይ ብልጭታ ይወጣል፣ ቁርጥራጭ ይረግፋል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ትዕዛዙን በሰዓቱ ካስገባችሁ የወደቀውን ሮቦት ስክራፕ ታደርጉታላችሁ (ቁርጥራጭ ብረት ማድረግ ማለት ነው)፣ ከዛም አልፎ ሙሉ በሙሉ ማውደም አለ። ክብደት አለው። ራይዝ ላይ የጠፋው ይሄ ነው፣ እዛ ቆንጆ ሥዕል ሥዕልን ይነካል እንጂ ምት የለም። ጊታር ከሌለ አንጫወትም የምትሉ ከሆናችሁ የጌሙን ሙዚቃ ከሴቲንግ ዝቅ አድርጉና የራሳችሁን ሜታል በስልክ ክፈቱ፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ከኖቫ ጋር ስትገጥሙ በተለይ።

ጉድለት አለው ወይ? አለው። ምስሉ የዶስ ዘመን ስለሆነ ትልቅ ስክሪን ላይ ጥርስ ጥርስ ያወጣል። ሁለት ሰው አንድ ኪቦርድ ላይ ሲጫወት ብዙ ቁልፍ አብሮ ከተነካ አንዳንዱ ኪቦርድ አይቀበልም፣ ከዛ ጭቅጭቅ ይጀመራል፣ ርካሽም ቢሆን አንድ ጆይስቲክ ፈልጉ። ከፍ ያሉት ሌቭሎች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ያሰባችሁትን ያነባል የሚያስብል ነው። ዝቅተኛው ላይ ተጫውቼ ልጨርሰው ካላችሁ ደሞ የመጨረሻው ባላጋራ ሜጀር ክሬሳክ ራሱ እናንተን አልገጥምም ይላችኋል፣ ንቀቱ!

ዋጋው ነፃ ነው። በ1999 ባለቤቶቹ ራሳቸው ፍሪዌር አድርገው ለቀቁት፣ ስለዚህ ከኢትዮጵያ ሆናችሁ በምን ካርድ ልክፈል የሚለው ጣጣ የለባችሁም፣ ክራክም አያስፈልግም፣ መጠኑም ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ ፓኬጃችሁን አይበላም። የዶስ ጌሞችን በዛሬ ኮምፒውተር የሚያስኬደውን ዶስቦክስ የሚባል ፕሮግራም ጫኑና በሱ ክፈቱት፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃዋል። ኦፕን ኦኤምኤፍ የሚባል በበጎ ፈቃደኞች እንደ አዲስ የተጻፈ ቨርዥንም አለ። በ2003 የወጣውን ባትልግራውንድስ የሚባለውን ተከታይ ግን እለፉት፣ ስሙ ነው እንጂ ያ ጌም አይደለም።

ለጀማሪ ጃጓርን ያዙ፣ ዘሎ የሚመታው ምት ከብዙ ችግር ያስጥላል። ከጓደኛ ጋር ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ተስማሙና ሻዶውን አግዱት።