እጄን ኪሴ ያስከተተኝ ውድድር

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ መኪና እጠግናለሁ፤ ሙያውን የጀመርኩት ግን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ «ፈርስት ሌጎ ሊግ» የሚባለው የሮቦት ውድድር ውስጥ ልግባ ስትለኝ፣ መጫወቻ ገጣጥሞ ሜዳልያ አጥልቆ መመለስ መስሎኝ ነበር።

ሮቦቱ ሪሞት የለውም። 2.4 በ1.2 ሜትር ገደማ በሆነ ጠረጴዛ ላይ፣ ልጆቹ አስቀድመው በጻፉለት ኮድ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የተሰጠው ጊዜ 2 ደቂቃ ተኩል ነው። ከመነሻው ርቆ ሲሳሳት ደንግጠው በእጅ ካነሡት፣ ዳኛው ሲጀምሩ ከተሰጧቸው ስድስት ነጥብ የሚያስገኙ ምልክቶች አንዱን ይወስድባቸዋል፤ ነጥባቸውም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው ውድድር ርእስ ውቅያኖስ ስለነበር፣ ያን ሰሞን እራታችን ሁሉ የባሕር ወሬ ነበር።

ለእኔ የከበደኝ ሌላ ነው። ሥራው የልጆቹ ብቻ መሆን አለበት፤ ወላጅ አይነካም። አንድ ቅዳሜ ሮቦታቸው ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። ልጆቹ ኮዱን ይከፍታሉ፣ የመታጠፊያውን ዲግሪ ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ። እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ አውቄዋለሁ፦ የግራው ጎማ አካሉን እየታከከ ነው። ሃያ ዓመት ከመኪና ሥር የተኛ ሰው ያን ድምፅ አይስተውም። እጄን ኪሴ ከትቼ ዝም አልኩ። እንዲህ የጨነቀኝ መንጃ ፈቃድ ስፈተን እንኳን አልነበረም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ልጄ ሮቦቱን ገልብጣ ስታየው፣ የጎማው ጎን ላይ ቀጭን የተፋቀ መስመር አገኘች። «አባዬ፣ ኮዱ አይደለም!» ብላ ጮኸች። ዘንጉ ላይ አንዲት ቀለበት ጨምረው ጎማውን ትንሽ አራቁት፤ ቀጥ ብሎ ሄደ።

የሮቦቱ ጨዋታ ከጠቅላላው ምዘና ሩቡ ብቻ ነው። የቀረው በዳኞች ፊት ነው፤ ጥናታቸውን፣ አሠራራቸውን፣ እርስ በርስ እንዴት እንደተጋገዙ ያስረዳሉ። ልጄ ዓይን አፋር ናትና ይህኛው ከሮቦቱ በላይ ጠቅሟታል።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። መሣሪያው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚያወጣ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤተ መጻሕፍት ቡድን በኩል መግባት ይሻላል። ውድድሩ ቀኑን ሙሉ ስለሚፈጅ ስንቅ ያዙ። እኛ ድፎ ዳቦ ይዘን ሄደን፣ ከጎናችን የተቀመጠው ቡድን ግማሹን በላልን።