የጀሪካን ፕላስቲክ ቡና ይሸከማል ወይ? ፍሪካድና ካልኩሊክስ በጅማ ዎርክሾፕ ሲፈተኑ

በጅማ አካባቢ የቡና ማድረቂያ አልጋ በብዛት የሚሠራው ከባሕር ዛፍ ነው። እንጨቱ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ቢሆንም፣ ቋሚው መሬት በሚነካበት ቦታ ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ ዝናብ የተወውን ደግሞ ምስጥ ይጨርሰዋል። እኔ በምሠራበት አነስተኛ ዎርክሾፕ፣ ቆራሌዎች ከሄርማታ መርካቶና ከየሰፈሩ ሰብስበው የሚያመጡትን ፕላስቲክ ፈጭተንና አቅልጠን ቋሚና አግዳሚ ማውጣት የጀመርነው በዚሁ ምክንያት ነው። ፕላስቲክን ምስጥ አይበላውም፤ ውሃም አያበሰብሰውም። ይሁን እንጂ ገበሬው ገና ሲያየው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ እርጥብ ቡና ሲጫንበት ይችላል ወይ? ይህንን ጥያቄ ለመመለስ የተጠቀምንባቸው ሁለት ነጻ ሶፍትዌሮች፣ ፍሪካድና ካልኩሊክስ፣ ምን እንደጠቀሙንና የት ላይ እንደማይበቁ ለመሰል ሥራ ባልደረቦች ለማካፈል ይህን ግምገማ ጽፌአለሁ።

ፍሪካድ የዕቃውን ቅርጽ በኮምፒውተር ለመሣል የሚያገለግል ሲሆን፣ ካልኩሊክስ ደግሞ ያ ቅርጽ ሸክም ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚጎብጥና በውስጡ የሚፈጠረው ጫና የት ላይ እንደሚበረታ የሚያሰላ ነው። አሠራሩ አካሉን በሺዎች ለሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍልፋዮች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን መፈናቀል በማስላት ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለቱም ያለክፍያ የሚወርዱ ናቸው፤ ካልኩሊክስን የሚጠራውም ፍሪካድ ራሱ ስለሆነ ተጠቃሚው የሚሠራው በአንድ መስኮት ውስጥ ነው። እኛ ያለን 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ሲሆን፣ የአንድ አግዳሚ ስሌት ቡና እስኪፈላ እንኳ አያስጠብቅም። ክፍልፋዮቹን ከመጠን በላይ ካደቀቁት ግን ማሽኑ ይንገታገታል፤ መብራት በድንገት ሊሄድ ስለሚችልም ሥራውን ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያ ሙከራችንን በዝርዝር ላቅርብ። አግዳሚው 10 ሴንቲሜትር ስፋትና 4 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ነበር፤ 1 ሜትር በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አሳርፈን በመካከሉ 20 ኪሎ ጫንንበት። የግትርነቱን፣ ማለትም ላለመጉበጥ ያለውን አቅም፣ መጠን እንደ አዲስ ጀሪካን ፕላስቲክ በመቁጠር 1000 ሜጋፓስካል (ግትርነትም ጫናም የሚለካበት መለኪያ ነው) ብለን ስናስገባ፣ ሶፍትዌሩ 7.7 ሚሊሜትር ይጎብጣል አለን። ከዚያ እውነተኛውን አግዳሚ በሁለት ብሎኬት ላይ አድርገን፣ ከነክብደቱ 20 ኪሎ የሚሆን ውሃ የያዘ ቢጫ ጀሪካን በገመድ አንጠልጥለን በማስመሪያ ለካን። የጎበጠው ግን ወደ 11 ሚሊሜትር ነበር። ስሌቱን ወደ ኋላ ስንሠራው የእኛ ፕላስቲክ ግትርነት ወደ 700 ሜጋፓስካል ሆኖ ተገኘ። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም፤ የሰጠነው ቁጥር የሌላ ዕቃ ቁጥር ነበር። በውስጡ ተዘጋጅቶ የሚመጣው የቁሳቁስ ዝርዝር ስለ አዲስ ፕላስቲክ ይናገራል እንጂ፣ ፀሐይ ላይ ዓመታትን ካሳለፈ በኋላ ተፈጭቶ ዳግም ስለቀለጠ ጀሪካን አይናገርም።

ከዚሁ ስሌት ያገኘነው ሌላ ትምህርት ለእኔ ከሁሉም የላቀ ነው። በአግዳሚው ላይ ያረፈው ጫና 2 ሜጋፓስካል እንኳ አልሞላም፤ የዚህ ዓይነት ፕላስቲክ ግን ቅርጹን እስከ መጨረሻው ለመልቀቅ 20 ሜጋፓስካል አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ያሰጋን የነበረው ስብራት ሳይሆን መጉበጡ ነው። ውፍረት ጨምረን ብዙ ፕላስቲክ ከማባከን ይልቅ ድጋፎቹን ከ1 ሜትር ወደ 70 ሴንቲሜትር አቀራረብናቸው፤ ጉብጠቱም ከ11 ወደ 4 ሚሊሜትር ገደማ ወረደ። ጉብጠት ከርዝመቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ስለሚያድግ ትንሽ ማሳጠር ብዙ ይጠቅማል። ይህንን አናጢ በልምዱ ያውቀዋል፤ ሶፍትዌሩ የጨመረልን በስንት ሴንቲሜትር ስንት እንደምናተርፍ ዕቃውን ሳንቆርጥ ማየትን ነው።

ሶፍትዌሩ ጫና የበረታበትን ቦታ በቀይ የሚያሳይበት ቀለም አቀባቡም መመስገን ይገባዋል። አግዳሚው ከቋሚው ጋር የሚገጥምበትን ጎድጓዳ ስንሥለው የውስጥ ማዕዘኑን ስል አድርገን ነበር፤ ውጤቱ ሲወጣ ያ ማዕዘን ብቻ ደማቅ ቀይ ሆነ። ማዕዘኑን በ10 ሚሊሜትር ራዲየስ አዙረን ስናሰላው ቀዩ ጠፋና ጫናው ወደ አካባቢው ተበተነ። ቅርጽ ማውጫውን ለማስተካከል የፈጀብን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልለፍ። ካስተካከልናቸው መገጣጠሚያዎች አንዱ፣ አልጋው ከነቡናው ተነስቶ ሲዛወር ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ በስሌቱ ግን ምንም አያሰጋውም ነበር። የተሰበረውን ገጽ በፀሐይ ብርሃን ስመረምር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረበ ሆኖ አገኘሁት፤ በመካከሉም ባቄላ የሚያህሉ ባዶ ቀዳዳዎች ነበሩ። ቀዳዳው የሚፈጠረው ወፍራም ፕላስቲክ ከውጭ ቀድሞ ሲደርቅ ውስጡ እየተኮማተረ ስለሚሄድ ነው። ልጣጩ ደግሞ የመጣው ከጀሪካኑ ጋር የማዳበሪያ ከረጢት አብሮ በመፈጨቱ ነው። ጀሪካን ፖሊኤትሊን፣ ማዳበሪያ ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሁለቱ ቀልጠው ቢደባለቁም እንደ ዘይትና ውሃ አይዋሃዱም፤ በመካከላቸውም ደካማ ወሰን ይቀራል። የሃይላንድ ጠርሙስን ከእነዚህ ለመለየት ውሃ ውስጥ መጨመር ይበቃል፤ እሱ ይሰጥማል፣ እነዚህ ይንሳፈፋሉ። ጀሪካንና ማዳበሪያ ግን ሁለቱም ስለሚንሳፈፉ በእጅ ከመልቀም በቀር መላ የለንም።

ካልኩሊክስ ይህንን ወሰን አያየውም፤ የሚያስበው አካሉ ወጥ እንደሆነ አድርጎ ነው። ወሰኑን የሚያጠኑት ሌሎች ሲሙሌሽኖች ናቸው። ለምሳሌ በአሜሪካ የሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራዎች የተጀመረው ላምፕስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር፣ የሞለኪውሎቹን ረጃጅም ሰንሰለቶች እንቅስቃሴ ያሰላል፤ ሰንሰለቶቹ ወሰኑን ተሻግረው ምን ያህል እንደሚጠላለፉም በዚያ ሊጠና ይችላል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ መጠላለፍ ነው። በ2017 የኮርኔልና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ የሁለቱንም ፕላስቲኮች ሰንሰለት በአንድ ሞለኪውል ያጣመረ ተጨማሪ በጥቂቱ ሲቀላቀል ድብልቁ በቀላሉ መሰበሩን እንደሚተው አሳይተዋል። ይህ ለእኛ ዎርክሾፕ ገና ሩቅ ነው፤ ላምፕስም ከአሮጌ ላፕቶፕ በላይ አቅም ይጠይቃል። የማቴሪያል ትምህርት ለሚያጠኑ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን የሚመጥን ሥራ ይመስለኛል።

ሌላው ጉድለት ጊዜና ሙቀት ነው። ጀሪካኑን ሌሊቱን አንጠልጥለን ስናድር 11 ሚሊሜትር የነበረው ጉብጠት ጠዋት 16 ደርሶ አገኘነው። ፕላስቲክ በማያቋርጥ ሸክም ሥር ቀስ በቀስ እየዘመመ ይሄዳል፤ በፀሐይ 50 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅም ግትርነቱ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ቡና የሚደርቀው ደግሞ በፀሐይ ለቀናት ነው። ካልኩሊክስ መዝመምን የማስላት አቅም ቢኖረውም፣ ከፍሪካድ መስኮት በቀጥታ ማዘዝ ስለማይቻል የስሌቱን ፋይል በእጅ ማረም ያስፈልጋል፤ ይህ ለጀማሪ ከባድ ነው። እኛ የመረጥነው ቀላሉን መንገድ ነው፤ የለካነውን 700 ወደ 250 ዝቅ አድርገን እናሰላለን፤ በዚያም ጉብጠቱ ከፈቀድነው ካላለፈ እንሠራዋለን።

ፕላስቲክ ለሚያቀልጥና ለሚቀርጽ ማንኛውም ዎርክሾፕ ፍሪካድንና ካልኩሊክስን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ሆኖም ከተዘጋጀው ዝርዝር ቁጥር ወስዶ ለደንበኛ ቃል መግባትን አጥብቄ እቃወማለሁ። በእኛ ዘንድ እያንዳንዱ ቅልቅል ሲወጣ አንድ አግዳሚ ለሙከራ ይቀራል፤ ሌሊቱን ጀሪካን ተንጠልጥሎበት ያድራል፤ ጠዋት የተለካው ቁጥርም በኖራ በራሱ በአግዳሚው ላይ ይጻፋል። ላፕቶፑ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።