ሲአርኤም ለዘገየባችሁ ሁሉ፦ የምተማመንበት ባለሙያ ልጠቁማችሁ

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላድርስ። የደንበኞቻችን መዝገብ ያለበትን ሲስተም (ሲአርኤም የሚባለውን) ወደ ልኩ የመለሰልንን የዳታቤዝ ባለሙያ በመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ሁሉ ስም ከልብ አመሰግናለሁ። እጅህ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥህ! ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ መታየት የማይወድ ልጅ ነው። ስልኩን ግን እሱው ስለፈቀደ፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ሥራውን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው በዚሁ ችግር የሚንገላቱ ብዙ ድርጅቶች እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

እኛ የውኃ ፓምፕና ጄኔሬተር እያስመጣን እንሸጣለን፣ መለዋወጫ እናቀርባለን፣ እንጠግናለን። ደንበኛው ማን ነው፣ ምን ገዛ፣ ዋስትናው መቼ ያልቃል፣ የትኛው ፕሮፎርማ ተላከለት የሚለው ሁሉ የሚገኘው ስዊትሲአርኤም በሚባለው በነፃ የሚወርድ ሶፍትዌር ላይ ነው። ሰርቨሩን የተከራየነው አውሮፓ ነው። ሶፍትዌሩን አሁንም እወደዋለሁ፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

መዝገቡ እየበዛ ሲሄድ ገጾቹ መጎተት ጀመሩ። መቂ ያለ ሽንኩርት አምራች ፓምፑ ቆሞበት፣ ማሳው ውኃ እየጠማው ይደውላል። የሴልስ ልጃችን ስልክ ቁጥሩን አስገብታ "ፈልግ" ትላለች፤ ክቧ ምልክት መዞር ትጀምራለች። "አንዴ ይታገሱኝ፣ ሲስተሙ አስቸገረኝ" ትላለች። ግማሽ ደቂቃ ሊሞላ ሲል ገጹ ይመጣል፤ አንዳንዴም አይመጣም። ልጆቹ በዚህ ሲሰለቹ መፈለጉን ትተው የደወለውን ሁሉ እንደ አዲስ ደንበኛ መመዝገብ ያዙ። አልፈርድባቸውም፣ ስልኩ ላይ ሰው እየጠበቃቸው ነው። ውጤቱ ግን አንድ ሰው ሦስት ቦታ ተመዝግቦ፣ ዋስትናው በአንዱ፣ የጥገና ታሪኩ በሌላው መዝገብ መገኘቱ ነበር። እኔን ከመዘግየቱ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸኛው ነው። ዋስትና ያለውን ሰው "ይክፈሉ" ማለት ስም ያጠፋል።

ከዚያ በፊት ያማከርናቸው ሰዎች የሰጡን መልስ ሁለት ነበር፦ ኢንተርኔቱን አሳድጉ፣ ወይም ትልቅ ሰርቨር ተከራዩ። ሰርቨር ደግሞ የሚከፈለው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በየወሩ ለሆስቲንግ የምናወጣው ብር ምን ያህል እንደናረ የዚህ ሥራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እጥፍ የሚያስከፍለውን ለመከራየት ወስነን ነበር፣ ይህን ልጅ አንድ የሥራ ወዳጄ እስክትጠቁመኝ ድረስ።

መጥቶ መጀመሪያ ያለኝ "እትዬ፣ ሰርቨሩን አሁን አይቀይሩ፤ የት ላይ እንደሚዘገይ ልየው" ነው። የሄደው ወደ ሰርቨሩ ሳይሆን ወደ ሴልስ ልጃችን ጠረጴዛ ነው። አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እንደ ሁልጊዜው እንድትሠራ ነገራት። ክሮም ላይ ኤፍ 12 ተጭኖ "ኔትወርክ" የሚለውን ገጽ ከፈተ። እያንዳንዱ ፋይል ለመምጣት የወሰደው ጊዜ በቀለም ይታያል፤ አረንጓዴው ሰርቨሩ መልስ እስኪጀምር የተጠበቀው ነው፣ ሰማያዊው ደግሞ መልሱ እየወረደ ያለበት። የእኛ ገጽ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሰማያዊዋ ጫፉ ላይ ጭረት ታክላለች። የቢሮው ኢንተርኔት ንጹሕ መሆኑ እዚያው ታየ። ሰርቨሩ ራሱ ነበር መልሱን ፍለጋ የሚባዝነው።

ቀጥሎ ማይኤስኪውኤል (የሲአርኤሙን መረጃ የሚይዘው ዳታቤዝ) የሚዘገዩ ጥያቄዎችን እንዲመዘግብ አደረገ። ይህ መዝገብ ሳይነካ ከተተወ ከ10 ሰከንድ በላይ የወሰደውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ እሱ ወደ 1 ሰከንድ አወረደውና ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሲሰበስብ ዋለ። የተሰበሰበውን እየቆጠረ ደረደረው። አንደኛ የወጣው የስልክ ቁጥር ፍለጋው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቁጥር ያስገባነው እንደየሰዉ ልማድ ነበር። አንዱ በ09 ይጀምራል፣ ሌላው በ+251፣ ሌላው ዜሮውን ትቶ፣ አንዳንዱም በመሃል ሰረዝና ክፍት ቦታ እየጨመረ። ያ ሁሉ እንዲገኝ ተብሎ ፍለጋው ቁጥሩን በየትኛውም ቦታ እንዲፈልግ ተደርጎ ተሠርቷል። እንዲህ ሲሆን ዳታቤዙ ኢንዴክስ (የተፈለገው የት እንዳለ የሚጠቁም ማውጫ) ቢኖረውም አይጠቅመውም፤ ፋይሎች ያለ ቁጥር በተከመሩበት መዝገብ ቤት አንድ ፋይል እንደሚፈልግ ሰው ሁሉንም እያነሳ ማየት አለበት። "ኤክስፕሌይን" በሚባለው ትእዛዝ አሳየኝ፤ አንድ ደንበኛ ለማግኘት የመዝገቡ መስመሮች በሙሉ እየተነበቡ ነበር።

ያመጣው መፍትሔ እስካሁን ያስደንቀኛል። የአገራችን ስልክ፣ የ09ም ይሁን የ07፣ የ011 የቢሮ ቁጥርም ቢሆን፣ ዜሮው ወይም 251ው ሲነሳ የሚቀረው ዘጠኝ አሃዝ ነው። ስለዚህ ሌላ ዓምድ ጨምሮ የእያንዳንዱን ደንበኛ የመጨረሻ ዘጠኝ አሃዝ ብቻ እዚያ አስቀመጠ፤ ያንን ዓምድ ኢንዴክስ አደረገው። አዲስ ደንበኛ ሲመዘገብ ዓምዱ በራሱ ይሞላል። ሠራተኛዋ ቁጥሩን በፈለገችው መንገድ ትጻፈው፣ ሲስተሙ ዘጠኙን አሃዝ ወስዶ በቀጥታ ይሄዳል። አሁን ፍለጋው ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ከዚህም ሌላ፣ አንድ ዓይነት ዘጠኝ አሃዝ ያላቸውን መዝገቦች ዝርዝር አውጥቶ ሰጠን፤ ልጆቹ እያዩ የተደጋገመውን አዋሃዱ። የመቂው ደንበኛችን ዋስትናና የጥገና ታሪክ ዛሬ አንድ ገጽ ላይ ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። ማይኤስኪውኤል መረጃ የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ ሲጫን እንደነበረው 128 ሜጋባይት ላይ ተትቶ ነበር፤ ሰርቨሩ ግን 8 ጊጋባይት አለው። ወደ 3 ጊጋባይት ከፍ አደረገው። "ለምን ሁሉን አትሰጠውም?" ብዬ ብጠይቀው ገጾቹን የሚያዘጋጁትና የሚልኩት ፒኤችፒውና ዌብ ሰርቨሩም እዚያው ማሽን ላይ እንደሚኖሩ አስረዳኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተደርድረው የነበሩት ሣጥኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥያቄ ወደ ዳታቤዙ ይልኩ ስለነበር የዛሬ ጥሪዎችና ክፍት ፕሮፎርማዎች ብቻ ቀሩ። የደንበኞች ዝርዝር በተከፈተ ቁጥር ጠቅላላውን የሚቆጥረውን በአንዲት ሴቲንግ አስቆመው። ማን የትኛውን ገጽ እንዳየ የሚይዘው ሠንጠረዥም ያለ ልክ አብጦ ነበር፤ የሚያጸዳው የጊዜ ሰሌዳ ሰርቨሩ ላይ ጨርሶ እንዳልተነሳ ያገኘው እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ጥንቃቄውን ነው። ባክአፓችንን (የመረጃችንን መጠባበቂያ ቅጂ) ሌላ ማሽን ላይ መልሶ አስነስቶ፣ በትክክል መሥራቱን ካየ በኋላ ነው መንካት የጀመረው። (ባክአፕ ያላችሁ ሁሉ፣ አንዴ መልሳችሁ አስነስታችሁት ታውቃላችሁ?) እያንዳንዱን ለውጥ በቅጂው ላይ ሞክሮ፣ ማታ ሠራተኛ ሲወጣ ወደ ዋናው ያስገባል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይርና እንደገና ይለካል። ሁሉም ዓምድ ኢንዴክስ ይደረግልን ስንለውም እምቢ አለን፤ ኢንዴክስ ሲበዛ መመዝገቡን እንደሚያዘገይ አስረድቶ የሚያስፈልገውን ብቻ ሠራ። ሲጨርስ የነካውን ሁሉ በአማርኛ ጽፎ፣ እንዴት ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ጭምር አስረከበን።

ያልተፈታም አለ፤ አልደብቅም። የዓመቱ የሽያጭ ሪፖርት ዛሬም ከባድ ነው። ይህን እሱ ራሱ ቀድሞ ነግሮን ሪፖርቱ ሌሊት ተሠርቶ ጠዋት በኢሜይል እንዲደርሰን አደረገ። ሰርቨሩ ሩቅ በመሆኑ የሚመጣው ጥቂት መዘግየትም አለ፤ ምስሎችና የማይለወጡ ፋይሎች ብሮውዘሩ ውስጥ እንዲቆዩ በማድረግ አቀለለው እንጂ አላጠፋውም። ትልቁን ሰርቨር ሳንከራይ ቀረን።

ዋጋው ርካሽ አይደለም፣ ለሠራው ሥራ ግን ይገባዋል። ሲሠራ ስልክ አያነሳም፤ መልእክት ተዉለት፣ ማታ ይመልሳል። የሚጠቅማችሁ የራሳችሁ ወይም እንደ እኛ የተከራያችሁት ሰርቨር ኖሯችሁ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ከሆነ ነው። በወር እየከፈላችሁ ሌላ ድርጅት ራሱ በሚያስተዳድረው ሲስተም የምትጠቀሙ ከሆነ ዳታቤዙን መንካት ስለማይችል ያንኑ በግልጽ ይነግራችኋል፤ ገንዘባችሁን አይበላም።

ከመደወላችሁ በፊት የሰርቨሩን መግቢያ ማን እንደያዘው አጣሩ፣ የቅርብ ጊዜ ባክአፕ ይኑራችሁ፣ የትኛው ገጽ በየትኛው ሰዓት እንደሚዘገይም ሠራተኞቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።