ለሴይሞር ሄርሽ ምስጋና፣ ለእናንተ ደግሞ ጥቆማ

ዘጋቢነት ስጀምር ስራዬ ሁሉ በስልክ ነበር። እደውላለሁ፣ «አስተያየት የለንም» እባላለሁ፣ እሱኑ ጽፌ ጉዳዩን እዘጋለሁ። ከዚህ ልማድ ያላቀቀኝ አለቃዬ አይደለም፤ ትምህርት ቤትም አይደለም። በአካል አይቻቸው የማላውቅ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ናቸው። ዛሬ በይፋ ላመሰግናቸው፤ ላላነበባችኋቸውም ልጠቁማችሁ።

ሴይሞር ሄርሽ በ1937 ቺካጎ ውስጥ ከስደተኛ ወላጆች ተወለዱ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው ላውንደሪ ነበራቸው። ልጅየው ህግ ጀምረው ተባረሩ። ወደ ሙያው የገቡት የፖሊስ ወሬ በመልቀም ነው።

በ1969 አንድ ጥቆማ ደረሳቸው። የአሜሪካ ጦር፣ ቬትናም ውስጥ ሲቪሎችን ገድሏል ያለውን መኮንን ድምጹን አጥፍቶ ሊከስ ነው። ያኔ ሄርሽ የማንም ጋዜጣ ቅጥር አልነበሩም። ለጉዞው የደገፋቸው የምርመራ ጋዜጠኝነት ፈንድ የሚባል ድርጅት ነው፤ መጀመሪያ 250 ዶላር፣ ኋላ 2,000። የመኮንኑን ጠበቃ ፍለጋ ሶልት ሌክ ሲቲ ድረስ በረሩ። የክሱ ወረቀት ጠበቃው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሄርሽ ማዶ ተቀምጠው፣ የተገለበጠውን ፊደል እያነበቡ ማስታወሻቸው ላይ አሰፈሩት። 109 ሰዎችን በመግደል ይላል።

ቀጥሎ ጆርጂያ ወደሚገኘው ፎርት ቤኒንግ ጦር ሰፈር። ይህን ክፍል ስንቴ እንዳነበብኩት እኔም አላውቅም። ሰፈሩ ከተማ ያክላል። ተከሳሹን መኮንን ካሊን ፍለጋ፣ ቀኑን ሙሉ ከህንጻ ህንጻ እየዞሩ «ካሊን የት አገኘዋለሁ?» ሲሉ ዋሉ። መሽቶ መቶ አለቃ ዊሊያም ካሊን አገኙት፤ እስከ ሌሊት አወሩ።

ትልልቅ መጽሔቶች ዘገባውን አልፈለጉትም። በአንዲት ትንሽ የዜና አገልግሎት በኩል ኖቬምበር 1969 ወጣ፤ ከ30 በላይ ጋዜጦች አተሙት። ወታደሮች በ1968 ሚላይ በምትባል መንደር ሽማግሌ፣ ሴትና ህጻን ሳይለዩ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው እንደፈጁ ዓለም ሰማ። ሄርሽ በዚያ አላበቁም፤ ከተኮሱት ወታደሮች የአንዱን ቤት ኢንዲያና ድረስ ሄደው አገኙ። እናቱ ያሏቸው ቃል ዛሬም ያመኛል፦ «እኔ የላክሁላቸው ጥሩ ልጅ ነበር፤ እነሱ ነፍሰ ገዳይ አደረጉት።» በስልክ ቢሆን ይህን ማን ይነግራቸው ነበር?

በ1970 ፑሊትዘር የተባለው ታላቅ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሰጣቸው። በ1974 በኒው ዮርክ ታይምስ፣ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ የገዛ አገሩን ዜጎች ሲሰልል እንደነበር አጋለጡ። በ2004 ደግሞ የአሜሪካ ወታደሮች ኢራቅ ውስጥ በአቡ ግሬብ እስር ቤት የፈጸሙትን ግፍ። የኋለኞቹ ዘገባዎቻቸው ስማቸው ባልተገለጸ ምንጮች ላይ በመንጠልጠላቸው ብዙ ተተችተዋል። ትችቱ ለእኔም ተገቢ ነው። ስለዚህ ንባባችሁን ከሚላይ ጀምሩ። ቅጥር የሌላችሁ ወጣት ዘጋቢዎች ደግሞ ያ ፈንድ ዛሬም ድጋፍ እንደሚሰጥ ልብ በሉ፤ መስፈርቱን አንብባችሁ ሞክሩ።

ባለፈው ወር፣ በስልክ ሶስት ጊዜ እምቢ ያሉኝ አንዲት እናት ቤት ሄጄ አንኳኳሁ። በሩን ከፈቱልኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩኝ፤ ሰነዱንም አሳዩኝ።

አቶ ሄርሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ።