67 ንብርብር፣ አንድ ስለት፦ ቪጂ-10 ቢላዬ ከወራት በኋላ

ሳጥኑ ላይ ያልተጻፈ ነገር የለም። «67 ንብርብር የደማስቆ ብረት»፣ «ቪጂ-10»፣ «ለወራት የማይዶለዱም»። ቢላዋው እጄ ከገባ ወራት አልፈዋል፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል እከትፍበታለሁ።

ከጌጡ ልጀምር። ማዕበል የሚመስለው የንብርብሮቹ መስመር ያምራል፣ አልዋሽም። ለመቁረጥ ግን የሚጨምረው ነገር የለም። የሚቆርጠው መሃል ያለው አንዱ ብረት ብቻ ነው፤ በግራ 33፣ በቀኝ 33 ለብሶ 67 ይሆናል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ጌጡ አፉ ጋ ሳይደርስ ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው ያቆማል። ከዚያ በታች ያለው ልሙጥ ብረት ነው ሥራውን የሚሠራው።

ያ ልሙጥ ብረት ቪጂ-10 ነው። የጃፓን ብረት ነው፤ 1 በመቶ ገደማ ካርበን፣ 15 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ ትንሽ ኮባልት አለው። ሻጮች ኮባልቱን እንደ ተአምር ያወሩታል። ስለቱን በዋናነት የሚያቆዩት ግን የብረቱ ጥንካሬና ካርበኑ ከክሮሚየም ጋር የሚፈጥራቸው ጠጣር ቅንጣቶች ናቸው።

መጀመሪያ ሰሞን ቲማቲም ላይ ሳስቀምጠው በራሱ ክብደት ይገባ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አፉ ይሸረፍ ጀመር። አጥንት አላስነካሁትም፣ መክተፊያዬም እንጨት ነው። መብራት ስር ዘንበል ሳደርገው ስለቱ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ብልጭ ይላሉ፤ ጥፍሬን ሳስኬደው ይይዘኛል። ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ሲሳል ቀጭኑ አፍ ከመጠን በላይ ከሞቀ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ስዬ የአፉ ጫፍ ብረት ተፍቆ ሲነሳ፣ መሸረፉ ቀረ ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚጻፍ ሙገሳም ሆነ በመጀመሪያው ወር የሚጻፍ ስድብ ብዙ የማያሳምነኝ ለዚህ ነው።

«ለወራት» የሚለውስ? እኔ ጋ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የቲማቲም ልጣጭ ላይ ማንሸራተት ይጀምራል። ከጎኑ ያለው አሮጌው ቢላዬ ብረቱ 1.4116 የሚባለው ነው፤ ካርበኑ 0.5 በመቶ ገደማ፣ ለስለስ ያለ። እሱ ሳምንት አይሞላም። ልዩነቱ እውነት ነው፣ የሳጥኑን ያህል ግን አይደለም። አሮጌው ደግሞ መሳያ ዘንጉ ላይ ሁለት ሦስቴ ሲሄድ ወዲያው ይመለሳል። ዝገት ሁለቱም ላይ አላየሁም።

ያናደደኝ ሌላ ነው። አዲሱ ከስለቱ ከፍ ብሎ ወፍራም ነው። ካሮት ስቆርጥ መሃሉ ላይ ሲደርስ ቋ ብሎ ይሰነጠቃል። አሮጌው ሳሳ ያለ ስለሆነ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ደንዞ እንኳ! አንድ ቀን ቁጭ ብዬ የአዲሱን ጎንና ጎን ድንጋይ ላይ አሳሳሁት። ጌጡ ተጫረ፣ ፊቱ ተበላሸ፤ አቆራረጡ ግን ሌላ ቢላዋ ሆነ። ይህን ውፍረት የሚጽፍ ሳጥን እስካሁን አላየሁም። ብረቱ እንዴት ግሎ፣ እንዴት ቀዝቅዞ፣ መልሶ በምን ያህል ሙቀት እንደተለዘበም አይጻፍም። ያው ቪጂ-10 በዚህ ሂደት ጎበዝም ሰነፍም ሊወጣ ይችላል።

አሁን ደግሞ «ወደ ኤስ90ቪ እደግ» የሚሉኝ አሉ። 9 በመቶ ገደማ ቫናዲየም ያለው የቢላዋ ብረት ነው፤ ስለቱ እንደሚቆይ አልክድም። ችግሩ የቫናዲየሙ ቅንጣቶች ከኔ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ድንጋይ ይጠጥራሉ። አልማዝ መሳያ እስክገዛ ይቆየኝ።